በሴፍቲ ሬዘር መላጨት ለሚጀምሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሰፈር ሱቅ በፍሬ የምትሸጠዋን ምላጭ የማያውቅ የለም። እርሳስ ቀርጸንባታል፣ ጥፍር ቆርጠንባታል፣ የስፌት ክር ተርትረንባታል። ለጺም የሚጠቀምባት ሰው ግን እየቀነሰ ሄዷል። ቦታዋን ቶንዶስ፣ የሚጣለው ፕላስቲክና ባለ አምስት ምላጩ ወስደውባታል። ሰሞኑን ደግሞ ወደ እሷ መመለስ የሚፈልጉ ሰዎች በዝተዋል፤ ጥያቄያቸውም ተመሳሳይ ነው።

ሴፍቲ ሬዘር የሚባለው የትኛው ነው?

በሁለት በኩል ስለት ያላትን ስስ ምላጭ መሃሉ አስገብታችሁ የምታጠብቁት የብረት መላጫ ነው። ምላጯ ርዝመቷ 43፣ ስፋቷ 22 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ውፍረቷ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ለብቻዋ ስትያዝ ትተጣጠፋለች። ክዳኑ ሲጠብቅ ግን ጎበጥ አድርጎ፣ እንዳትንቀሳቀስ አድርጎ ይይዛታል። ከስለቱ ፊት ቆዳውን ገፋ የሚያደርግ ጠርዝ አለ፤ ጠልቆ እንዳይቆርጥ የሚከለክለው እሱ ነው። ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ምላጭ ተሰክቶበት ከሚታጠፈው መላጫ ጋር አታምታቱት። ያኛው ምንም መከላከያ የለውም፤ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ማን ነው የፈጠረው?

አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው የሚባለው። ግማሹ እውነት ነው። ስለትን ከመከላከያ ጋር የማጣመር ሐሳብ ከእሱ በፊትም ነበር። ካምፕፌ የተባሉ ወንድማማቾች ኒውዮርክ ውስጥ በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የፈጠራ መብት አውጥተውበታል። የእነሱ ግን እየተሳለ የሚሠራበት ወፍራም ስለት ነበር። ተጓዥ ሻጭ የነበረው ጂሌት ያመጣው አዲስ ነገር ሲደንዝ የሚጣል ርካሽ ስስ ምላጭ ነው። ያን ያህል የሳሳ ብረት አጠንክሮ መሳል አስቸጋሪ ነበር፤ መላውን ያገኘለት ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው።

በ1903 ገበያ ላይ ሲወጣ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በ1904 የፈጠራ መብቱን አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። ወታደሮቹ መላጫውንም ልማዱንም ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ባለ ሁለት ምላጩ ካርትሬጅ፣ ማለት ምላጮቹ በፕላስቲክ ታሽገው ራሱ እንዳለ የሚቀየረው መላጫ፣ በ1971 መጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቁጥር መጨመር ሆነ፦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ምላጭ።

ባለ አምስት ምላጭ እያለ ለምን ወደ ኋላ እመለሳለሁ?

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የካርትሬጅ ራስ ብቻውን ከ3 እስከ 5 ዶላር ሊያወጣ ይችላል። በ10 እና በ15 ዶላር መካከል ደግሞ 100 ምላጭ ይገኛል። አገር ቤትም ቢሆን ምላጭ በፍሬ ስትገዙ ኪስ አይጎዳም። መላጫው መጀመሪያ ላይ ያስወጣል፤ ጥሩ ብረት ከሆነ ግን ለልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቆዳ ነው። እሱን ለብቻው ከታች አመጣዋለሁ፤ ለእኛ ዋናው እሱ ነውና።

የምታጡትም ነገር አለ። ጠዋት ታክሲ ሊያመልጣችሁ ሲል በሁለት ደቂቃ ጨርሳችሁ የምትወጡበት ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጉት።

ስላጭ አንገቴ ላይ ሽፍታ ይወጣብኛል። ይሄ መላጫ ይፈታልኛል?

ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ግን መላጫው ብቻውን ተአምር አይሠራም። ለምን እንደሚወጣ ማወቅ ይጠቅማል።

የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ተቆርጦ ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጎንበስ ይልና በሾለው ጫፉ ቆዳውን ወግቶ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት ደግሞ የገባውን ፀጉር እንደ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ያ ነው ቀይ ወይም ጠቆር ያለ እብጠት የሚሆነው፤ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይተስ ባርቤ ይሉታል። ከማንም በላይ የሚያጠቃው ጥቁር ወንዶችን ነው። የአሜሪካ ጦር ውስጥ በዚህ ምክንያት ከመላጨት ነፃ የሚያደርግ የሐኪም ወረቀት የሚሰጣቸው ወታደሮች አሉ።

ባለ ብዙ ምላጩ ነገሩን ያባብሰዋል። የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ሳብ ያደርጋል፣ የኋለኛው ይቆርጠዋል፣ ቀሪው ፀጉር ከቆዳው በታች ይሰምጣል። እጃችሁን ስታሳልፉበት በጣም ይለሰልሳል። ችግሩ ያ ፀጉር ተመልሶ ሲያድግ ከውስጥ ሆኖ አቅጣጫ ይስታል። አንድ ምላጭ ግን ከቆዳው እኩል ቆርጦ ይተወዋል።

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ማሳያዎች አብዛኞቹ ቀጥ ያለ ፀጉር ባላቸው ሰዎች የተሠሩ ናቸው። ሦስት ዙር ተላጩ ይላሉ፦ አንዴ በፀጉሩ አስተኛኘት፣ አንዴ በጎን፣ አንዴ ተቃራኒውን። ቆዳውንም ወጥሩት ይላሉ። እብጠት የሚወጣበት ሰው ይህን ቢከተል ሴፍቲ ሬዘር ይዞም ያው አምስት ምላጭ እንደተጠቀመ ነው። እናንተ በአስተኛኘቱ ብቻ ተላጩ። ቆዳችሁን አትወጥሩ። ካስፈለገ አረፋ ቀብታችሁ ሁለተኛ ዙር በዚያው አቅጣጫ ድገሙት። በእጅ ሲነካ ትንሽ ሸከር ቢል ይበል። ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ የሚያይባችሁ የለም።

አሁን እብጠት ካለባችሁ አትጀምሩ። አንድ ወር ያህል ጺሙን ተዉት፤ ወይም በቶንዶስ ትንሽ አስቀርታችሁ ብቻ አሳጥሩት። ያበጠውን በመርፌም በጥፍርም አትንኩ፤ ጠባሳ የሚያብጥበት፣ ማለት ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለባቸው መታጠቢያዎች አንዳንዱን ይረዱታል። ብዙ መግል ከያዘ ወይም ጠባሳ መተው ከጀመረ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። ማጅራት ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ሐኪም ይየው።

ምን ምን ልግዛ?

መላጫ፣ ምላጭ፣ ብሩሽና የመላጫ ሳሙና። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ለጀማሪ የሚመረጠው ለስላሳ የሚባለው መላጫ ነው፤ ስለቱ ብዙም ወደ ውጭ ያልወጣ ማለት ነው። ዞሊንገን፣ ጀርመን የተሠራው መርኩር 34ሲ፣ እንዲሁም ሙህለ አር89 ለዚህ የታወቁ ናቸው። ዋጋቸው ከበዛባችሁ ሌላ ተራ መላጫም ያስጀምራል። አንድ ነገር ብቻ እዩ፦ ምላጯን አስገብታችሁ ስታጠብቁ በሁለቱም በኩል የወጣው ስለት እኩል ይሁን። መላጫውን ፊት ለፊታችሁ ይዛችሁ ብርሃን ላይ ተመልከቱት። አንዱ ወገን ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ካለ ፈታችሁ እንደገና አስገቡት። ያም ሆኖ ካልተስተካከለ መላጫው አይረባም።

ምላጭ በአንድ ጊዜ መቶ አትግዙ። ለአንዱ ፊት የተስማማው ለሌላው ይሻክራል። የቱርኩ ደርቢ ለስላሳ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። የጃፓኑ ፌዘር ስለቱ ኃይለኛ ነው፤ እጃችሁ እስኪፈታ ይቆይ። አስትራንና የግብፁን ሎርድን የሚወዱም ሞልተዋል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ፓኬት ሞክሩ። ወረቀቷ የረጠበ ወይም የዛገች ምላጭ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉዋት።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ አስልኩት። ሻንጣ አያከብድም፤ ስልክ ላኩልኝ ከማለትም ይቀላል።

ብሩሹ ከአሳማ ፀጉር ነው የሚሠራው ይባላል። እውነት ነው?

አንዱ ዓይነት አዎ። ርካሾቹ የተፈጥሮ ፀጉር ብሩሾች ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ፀጉር ናቸው። ውዶቹ ባጀር ከሚባል የዱር እንስሳ ይሠራሉ። ከፈረስ ፀጉር የሚሠራም አለ። በሃይማኖት ምክንያት የማትፈልጉ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለውን ግዙ። እኔ ሃይማኖትን ሳልቆጥር እንኳ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ አይሸትም፣ በትንሽ ሳሙና ብዙ አረፋ ይሠራል።

ሳሙናው ላይም ጥንቃቄ የምትፈልጉ ካላችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ በእንስሳ ሞራ ይሠራል። በአትክልት ዘይት ብቻ የተሠሩም አሉ።

በገላ ሳሙና ብላጭስ?

ይላጫል፤ ግን አረፋው ቶሎ ይደርቃል፣ ፊትም ያደርቃል። የልብስ ሳሙናን አታስቡት። በስቲክ የሚሸጥ የመላጫ ሳሙና፣ ለምሳሌ የቱርኩ አርኮ፣ ርካሽ ነው፤ አንዱ ለወራት ይበቃል።

እሺ፣ አሁን እንዴት ልላጭ?

ገላችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ ፊታችሁን ለብ ባለ ውሃ ሁለትና ሦስት ደቂቃ አርጥቡ። ውሃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል፤ ደረቁን መላጨት ግን ፊት ማቁሰል ነው።

ብሩሹን አርጥባችሁ ውሃውን አራግፉ። ሳሙናው ላይ አሽከርክሩት፤ ከዚያ ፊታችሁ ላይ ወይም ኩባያ ውስጥ እየመታችሁ ጠብታ ጠብታ ውሃ ጨምሩ። ጀማሪ የሚሳሳተው አረፋውን አየር የሞላበት አድርጎ ነው፤ ያ ያምራል እንጂ አያዳልጥም። የምትፈልጉት ወፈር ያለ እርጎ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ አረፋ ነው። በጣት ሲነካ ማዳለጥ አለበት።

አሁን መላጫውን ከእጀታው ጫፍ አካባቢ ቀለል አድርጋችሁ ያዙ። ክዳኑን ጉንጫችሁ ላይ አሳርፉ፣ እጀታው ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይውጣ። ከዚያ እጀታውን ቀስ በቀስ ወደ ታች ዝቅ አድርጉ። ስለቱ ፀጉሩን ሲያገኝ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ማዕዘኑ እሱ ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ይሆናል። በዚያ ማዕዘን አጭር አጭር አድርጋችሁ ሳቡት፤ በአንድ ሲሳብ ከሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አይለፍ። ድምፁ ከጠፋ ማዕዘኑ ተበላሽቷል።

አትጫኑ። ፕላስቲኩ ላይ የለመድነው መጫን እዚህ ጋ ደም ያመጣል። የብረቱ ክብደት ራሱ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጉንጭን ብቻ በዚህ ተላጩና አገጩንና አንገቱን በለመዳችሁት ጨርሱ። በሳምንቱ አንገት ትጨምራላችሁ። ማንቁርት ላይ ስትደርሱ ምራቅ ዋጥ አድርጋችሁ ቆዳውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጉት፤ ጉብታው ላይ በቀጥታ አትውጡ።

የፀጉሬን አስተኛኘት በምን አውቃለሁ?

የሁለት ቀን ጺም ሲኖራችሁ በጣት ዳስሱት። የለሰለሰበት አቅጣጫ አስተኛኘቱ ነው፣ የሸከረው ተቃራኒው። ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው። አንገት ግን አታላይ ነው፤ የአንዳንዱ ሰው ወደ ላይ፣ የአንዳንዱ ወደ ጎን ይተኛል፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰልም አለ። አንገቱ ላይ ለዓመታት የተሠቃየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይፈትሽ።

ለሐዘን ያሳደግኩትን ጺም በዚህ ላውርደው?

በቀጥታ አይሆንም። ረጅም ጺም ምላጯ ውስጥ ይወተፋል፣ ይነጫል። መጀመሪያ በመቀስ ወይም በቶንዶስ አሳጥሩት፣ ከዚያ አርጥባችሁ ተላጩ። ፊቱ ብዙ ጊዜ ምላጭ ሳያገኝ ስለቆየ አንድ ዙር ብቻ ይብቃው።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። መብራትም ይጠፋል።

እንዲያውም ለዚህ የተሠራ ነው። ቻርጅ አይፈልግም። ውሃውም አንድ ጣሳ ይበቃል፦ ከግማሹ ፊትና ብሩሽ ታረጥባላችሁ፣ በቀረው መላጫውን እያለቀለቃችሁ ትጨርሳላችሁ። በመስኮት ብርሃን ቢሆን ጥሩ ነው፤ በስልክ መብራት አትጀምሩ።

እንደ ድሬዳዋ ውሃው ማዕድን የበዛበት ከተማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሳሙናው አረፋ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሳሙና ጨምሩ፤ ካልሆነ ለአረፋው ብቻ ትንሽ የሃይላንድ ውሃ ተጠቀሙ።

ቢቆርጠኝስ? ከተላጨሁ በኋላስ ምን ልቀባ?

ትንንሽ ጭረት መጀመሪያ ላይ አይቀርም። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡና ንጹሕ ሶፍት ጫን አድርጋችሁ ያዙበት። አሉም የሚባለው ጠጣር ድንጋይ ካላችሁ አርጥባችሁ አሳልፉበት፤ ያቃጥላል፣ ደሙን ግን ያቆማል።

ፀጉር ቤት አልኮል የሚረጩብን ነገር ቤት ውስጥ ግዴታ አይደለም። ቆዳ ያደርቃል። ቀዝቃዛ ውሃና ሽታ የሌለው ቅባት ይሻላል። ሎሚ የሚያሹ ሰዎች አሉ፤ ተዉት። የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

አንዷ ምላጭ ስንት ጊዜ ትሠራለች?

ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ፤ እንደ ጺማችሁ ጥንካሬ ነው። መንጨት ከጀመረች ጊዜዋ አልፏል። ለቁጠባ ብላችሁ ፊታችሁን አታስቆጡ፤ ምላጭ ናት። ከጨረሳችሁ በኋላ አለቅልቃችሁ አራግፉት፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ስለቱን በፎጣ አትጥረጉ፤ ፎጣውም ስለቱም ይበላሻል።

ከወንድሜ ጋር በአንድ መላጫ ብንጠቀም?

እጀታው በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም። ምላጯ ግን የአንድ ሰው ናት። ስለታማ ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር በኤችአይቪ ዘመቻ ጊዜ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ሄፓታይተስ ቢም በደም ይተላለፋል፣ ከሰውነት ውጪም ቀናት ይቆያል። ፀጉር ቤትም ብትላጩ ምላጯ ከወረቀቷ ስትወጣ በዓይናችሁ እዩ። ደህና ባለሙያ ቅር አይለውም።

ያገለገለውን የት ልጣል?

እንዳለ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ቆሻሻችንን በእጃቸው የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ቆሻሻ ውስጥ ዕቃ የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። ባዶ የቲማቲም ድልህ ወይም የወተት ቆርቆሮ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቁና ያገለገለችውን ሁሉ በዚያ ክተቱ። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አንድ ቆርቆሮ እስኪሞላ ዓመታት ይፈጃል። ሲሞላ ስንጥቁን በፕላስተር አሽጉ፣ ላዩ ላይ ምላጭ ብላችሁ ጻፉበት። ለቆራሌው ከሌላ ቆርቆሮ ጋር ቀላቅላችሁ እንዳትሸጡት።

ለሴቶችና ለራስ ቅልስ ይሆናል?

ይሆናል። እግር ላይ ቀላል ነው፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ዝግ ማለት ነው። ብብት ላይ ፀጉሩ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚበቅል እጅ እስኪለምድ መቆየት ይሻላል። ራሱን ሙሉ የሚላጭ ሰው ደግሞ ፊቱ ላይ በደንብ ከተካነ በኋላ ይግባበት። ማጅራትን በማይታይበት ሁኔታ በአዲስ ምላጭ መጀመር ድፍረት ነው።

በአውሮፕላን ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ምላጯን ከእጅ ሻንጣ አውጡ። ፍተሻ ላይ ትወሰዳለች፣ መላጫው ውስጥ ተገጥማ ብትሆንም እንኳ። ባዶው እጀታ አሜሪካን ጨምሮ በብዙ ቦታ ያልፋል፤ አንዳንድ ፈታሽ ግን አገላብጦ ያየዋል። ከእነ ፓኬቱ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ብትከቱት ከጭቅጭቅ ትድናላችሁ። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዛችሁ እጀታውን ይዛችሁ ሂዱና ምላጯን እዚያው ስትደርሱ ግዙ።